ከአገር ቤት ስንመለስ የሚይዘን ትኩሳት፦ ሕክምናውን ማን ይከፍላል?

በዚህ ጽሑፍ ስለ ወባ ሕክምናና ስለ ጤና ኢንሹራንስ እንነጋገራለን። «በሪያድ ደግሞ ምን ወባ አለ?» የምትል እኅት እንደምትኖር እናውቃለን። እውነቷን ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ታንብበው።

አንዲት እኅታችን ለአዲስ ዓመት ከሚሴ ወርዳ ከቤተሰቧ ጋር አንድ ወር ተኩል ቆይታ በጥቅምት ወደ ሪያድ ተመለሰች። በተመለሰች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት፤ ራሷን ፈለጣት፤ ወገቧንና መገጣጠሚያዋን ቆረጣጠማት። ማዳሟ «የኤሲው ብርድ ነው» ብላ ሁለት ፓናዶል ሰጠቻት። እርሷም የመንገድ ድካም መሰላት። ትኩሳቱ ላብ አድርጎ ለቀቃትና በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ዓርብ ዕለት ባጥሐ ወርዳ ከዚያ ካሉት ክሊኒኮች በአንዱ ልትመረመር አሰበች። ጓደኛዋ ግን በስልክ፣ «ኢንሹራንስ ሳይኖርሽ ብትገቢ ለደም ምርመራው ብቻ የወር ደመወዝሽን ነው የሚወስዱብሽ» አለቻት። ቀረች። በአምስተኛው ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የማይገናኝ ነገር ስታወራ አገኟትና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰዷት። የያዛት ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ወደ አንጎል የሚወጣው የወባ ዓይነት ነበር። ቀናት ተኝታ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ስሟን እንዳንጽፍ ስለጠየቀችን አንጽፍም፤ አንድ ነገር ግን እንድንነግራችሁ ፈቅዳልናለች። ከሆስፒታሉ ስትወጣ የከፈለችው አንድም ሪያል አልነበረም። አምስት ቀን ያስተኛት በሽታው ብቻ ሳይሆን፣ ያልመጣ ሒሳብ ፍርሃትም ነበር።

የሪያድ ትንኝና የአገር ቤት ትንኝ

በሪያድ ሌሊት በጆሯችን የምታንጫርረው ትንኝ ታሳክካለች እንጂ ወባ አታስይዝም። በከተማዋ ወባ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሳዑዲ ዓረቢያ ወባ ለረጅም ዘመን የቆየው በደቡብ ምዕራብ፣ በየመን ድንበር ባሉት በጀዛንና በዓሲር ቆላማ ቦታዎች ነው። በሪያድ ሆስፒታሎች የሚገኘው ወባ ከውጭ የመጣ ነው፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከየመን፣ ከሕንድና ከፓኪስታን በተመለሱ ሰዎች ደም ውስጥ ሆኖ የገባ።

ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ወባ የማያይ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ቶሎ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ጉንፋን ወይም የጉሮሮ ቁስል ነው። ከየት እንደመጣችሁና መቼ እንደመጣችሁ ካልነገራችሁት ላያዝላችሁ ይችላል። አገር ቤት የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ገና ግንባራችሁን ስትነካ ጣታችሁን ወግታ ደም ትወስዳለች። እዚህ ግን ምርመራውን በአፋችሁ ጠይቃችሁ ማግኘት ይኖርባችኋል።

ብዙዎቻችን «እኔ ቆላ ያደግሁ ነኝ፣ ወባ ለምዶኛል» እንላለን። ሰውነት በየዓመቱ በወባ ሲነደፍ በከፊል ይለማመደዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወባ በሌለበት አገር ዓመታት ከተቀመጡ ልማዱ እየሳሳ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ሪያድ ከርማ ወደ ቆቦ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የምትወርድ እኅት፣ ሰፈርተኞቿ ሦስት ቀን ተኝተው የሚነሡበት ወባ እርሷን ሊጥላት ይችላል። ከደጋ የመጣችውማ መጀመሪያም ልማዱ የላትም። የጥንቱ ሰው ንዳድ እያለ ከቆላ የሚሸሸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው የፈጀው በአብዛኛው ወባ ያልለመደው የወይና ደጋ ሕዝብ ላይ ስለወደቀ ነው።

ወባ የድሮ ነገር የሚመስላቸውም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በ2023 ዓመቱን ሙሉ የታመመው 4.1 ሚሊዮን ያህል ነበር። ወባ አጥብቆ የሚነሣው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከዚያም በግንቦትና በሰኔ ነው። ብዙዎቻችን ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ፈቃድ የምንጠይቅበት ወቅትም መስከረም መሆኑን ልብ በሉ።

ጊዜውን መቁጠርም ያስፈልጋል። ፋልሲፓረም በአብዛኛው ትንኟ ከነደፈች ከሰባት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከወራት፣ አልፎም ከዓመት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ «ከመጣሁ እኮ ስድስት ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ኢንሹራንሱ ለማን ነው?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በዚህ ነገር ላይ በባጥሐ ሱቆች ደጃፍም፣ በስልክም የሚወራው ብዙው የተምታታ ነው። የሚምታታበትም ምክንያት አለው፤ «ተእሚን» የሚባለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠሪያ ሆኗል።

በሳዑዲ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ ዜጋ ሁሉ በአሠሪው ወጪ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳል። የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ሆነው ቆዩ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና ኢንሹራንስ ምክር ቤቱ ለቤት ሠራተኞችም ግዴታ አደረገው፤ ነገር ግን በአንድ አሠሪ ስም የተመዘገቡት የቤት ሠራተኞች ከአራት በላይ ሲሆኑ ነው። ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ አትክልተኛውና ምግብ አብሳዩ ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ። አምስት ሆናችሁ በአንድ ሰው ስም ካላችሁ ግዴታው አሠሪያችሁን ይመለከታል። ብቻዋን ወይም ከአንዲት ጓደኛ ጋር የምትሠራ እኅት አሠሪዋ በፈቃዱ ካልገዛላት በስተቀር ኢንሹራንስ ላይኖራት ይችላል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በዚህኛው ወገን ናቸው፤ አራት የሚለው ቁጥር እንዲህ መሆኑ ለእኛ ደስ አያሰኝም፤ ግን ያለው ይህ ነው።

ሁለተኛው «ተእሚን» በሙሳነድ በኩል በሚደረግ አዲስ ውል ላይ ከየካቲት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገባው የውል ኢንሹራንስ ነው። ይህ ሠራተኛዋ ሥራውን ጥላ ብትሄድ አሠሪውን የሚክስ፣ ሠራተኛዋም በአደጋ አካሏ ቢጎድል ወይም አሠሪው ሞቶ ደመወዟ ቢቀር እርሷን የሚክስ ነው። የክሊኒክ ሒሳብ አይከፍልም። መክተቡ «አዎ ተእሚን አለሽ» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ፦ «ተእሚን ሲሒ ወላ ተእሚን ዓቅድ?» የመጀመሪያው የጤና፣ ሁለተኛው የውል ነው።

በሌላ በኩል ሰው ቤት እየሠራችሁ ሳለ አሠሪያችሁ ሸሪካ የሆነባችሁ አላችሁ፤ በሰዓት ወይም በወር ቤት ለቤት የሚያከራዩ ድርጅቶች ማለታችን ነው። ኢቃማችሁን አውጥታችሁ አሠሪ ተብሎ የተጻፈውን አንብቡ። የሰው ስም ሳይሆን የሸሪካ ስም ከሆነ ኢንሹራንስ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ክፍያውም የድርጅቱ ነው እንጂ ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ አይደለም። ስለ ካርዱ ብዙ አትጨነቁ፤ የኢቃማ ቁጥሩን ብቻ ተቀብለው ኢንሹራንስ መኖሩን በኮምፒዩተር የሚያዩ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። በታመማችሁ ቀን ሳይሆን ዛሬ፣ ጤነኛ ሳላችሁ አስመርምሩት።

ኢንሹራንስ ያላችሁ እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ። ወባ እንደማንኛውም ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ምርመራውም፣ ክኒኑም፣ ቢያስተኛም አልጋው በኢንሹራንሱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ግን የተዋዋላቸው ሆስፒታሎች አሉት። ለተራ ሕክምና ከእነዚያ ውጭ ከገባችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። በውስጡም ቢሆን ለምርመራና ለመድኃኒት ትንሽ ድርሻ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ለመተኛት ሆስፒታሉ ከኩባንያው «ሙዋፈቃ»፣ ማለትም የስምምነት መልስ ይጠብቃል። ሕይወት አስጊ በሆነ ጊዜ ግን ሙዋፈቃ አይጠበቅም፤ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይቻላል።

ኢንሹራንስ የሌላትስ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ እባካችሁ ለጓደኞቻችሁም አንብቡላቸው። በግለሰብ ስም ያሉ የቤት ሠራተኞች በጤና ሚኒስቴር ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች መታከማቸው የቆየ አሠራር ነው። በየሰፈሩ ያለው «መርከዝ ሲሒ» የሚባለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። ለባጥሐ ሰው ቅርቡ የመንግሥት ትልቅ ሆስፒታል ሰዎች ሹሜይሲ የሚሉት የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ነው። በወባ ላይ ደግሞ መንግሥት የራሱ ምክንያት አለው፤ ወባን ከአገሩ ለማጥፋት ብዙ ዓመት ደክሟል፤ አንድ ሰው ሳይታከም ከቀረ ትንኝ ባለበት ቦታ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የወባ ማጥፋት ፕሮግራሙ ምርመራውንና መድኃኒቱን ለውጭ ዜጋም ጭምር በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በጀዛን በኩል በየመን ያለ ወረቀት ተሻግረው ለገቡትም እንኳ።

ወረቀት የሌላችሁ እኅቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደምታስቡ ይገባናል። የመዝገብ ክፍሉ መታወቂያ መጠየቁ አይቀርም፤ አይጠይቁም ብለን አንዋሻችሁም። ነገር ግን አምስት ቀን ተደብቆ በቃሬዛ ከመሄድ በሁለተኛው ቀን በእግር መሄድ ይሻላል። በእግሯ የሄደች ለራሷ መናገር ትችላለች፤ ልቧን የሳተች ግን ሌላ ሰው ነው የሚናገርላት።

አንዳንዶች ደግሞ «ወባ ከተገኘብኝ ይመልሱኛል» ብለው ይፈራሉ። ወባ ታክሞ የሚድን በሽታ ነው። ሐኪሙ ለጤና ቢሮ ማስታወቅ አለበት፤ ከዚያ መጥተው የት እንደነበራችሁ ቢጠይቋችሁ ለመቁጠርና ለመከላከል ነው። ማዳም ደግሞ ልጆቼን ታስይዛለች ብላ ብትደነግጥ፣ ወባ በማንኪያ፣ በልብስ፣ በመነካካት ወይም በትንፋሽ እንደማይተላለፍ በእርጋታ ንገሯት፤ እርሷም ሐኪሙን ትጠይቀው።

አሠሪ «ሥራው ይበዛል፣ ዓርብ ትሄጃለሽ» ቢልስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ሠራተኛዋ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላት፣ በሐኪም ማስረጃም በዓመት እስከ ሠላሳ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንደምትወስድ ደንግጓል። በጥቅምት 2024 የተተካው አዲሱ ደንብም የሕመም ፈቃዱን አላስቀረውም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ «ተቅሪር ጢቢ» የሚባለውን የሐኪም ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። እንቢ ብሎ በር ለቆለፈ አሠሪ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው። የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937፣ የአምቡላንስ 997፣ በሪያድ ለማንኛውም ድንገተኛ ነገር 911 ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ

ዓረብኛው ለሚያስቸግራችሁ ሦስት አጭር ነገር አጥኑ። «ዓንዲ ሱኹና» ማለት ትኩሳት አለኝ ነው። «ጂት ሚን ኢትዮብያ ቀብል ኡስቡዓይን» ማለት ከኢትዮጵያ ከሁለት ሳምንት በፊት መጣሁ ነው። «አብጋ ተሕሊል መላርያ» ማለት የወባ የደም ምርመራ እፈልጋለሁ ነው። ሦስቱንም ሳትሉ ከወንበሩ አትነሡ።

የመጀመሪያው ምርመራ ወባ የለም ቢል ትኩሳቱ ግን ካልለቀቀ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ደግማችሁ ተመርመሩ፤ ተሐዋስያኑ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆኑ በመጀመሪያው ላይታዩ ይችላሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መጠጣት ካቃተ ወይም ንግግር ከተሳከረ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት አምቡላንስ ይጠራ። በዚህ ደረጃ ሕክምናው ክኒን ሳይሆን አርቴሱኔት የሚባል መርፌ ነው።

ፋልሲፓረም ሳይከፋ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አገር ቤት የምናውቀው ኮዋርተም ነው፤ ለአዋቂ በስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን የሚያልቅ። ሁለተኛ ቀን ላይ ሲሻላችሁ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብላችሁ በሻንጣ አታስቀምጡ። ኮዋርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ሐኪሙ ወተት ይላል፤ በጾም ላይ ያለች እኅት በዘይት የተሠራ ወጥ ወይም ኦቾሎኒ ብትበላበት ይሠራላታል።

ቫይቫክስ ከሆነ በጉበት የተደበቀውን ለመግደል ፕሪማኩዊን ይጨምራሉ። ከመስጠታቸው በፊት ግን በዚህ አገር «አኒሚያ ፉል» የሚሉት፣ ባቄላ የማይስማማቸው ሰዎች የደም ጠባይ እንዳለባችሁ መመርመር አለባቸው። እርጉዝ የሆነችም መናገር አለባት፤ ያን ክኒን አትወስድም።

ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሮጌ ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን አያድንም። ሳይመረመሩ መዋጡ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ትኩሳቱ ወባ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በጅዳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዴንጌ ትኩሳት አለ፤ በመካም ይገኛል፤ በድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ2013 ተነሥቶ ነበር። ዴንጌ ቀን በምትነድፍ ሌላ ትንኝ የሚመጣ ሲሆን ከዓይን ጀርባ ያማል፣ አጥንት ይሰብራል፣ አንዳንዴም ያደማል። ለዴንጌ የተለየ መድኃኒት የለውም፤ ፈሳሽ፣ ዕረፍትና ፓናዶል ነው። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ግን ደም ስለሚያፈሱ አይወሰዱም። ማዳም ከመሳቢያዋ አውጥታ የምትሰጣችሁን ክኒን ስም አንብቡ።

ለቤተሰቦቻችን

ስንቶቻችን ነን «እናትሽ በወባ ወድቃለች» የሚል ስልክ ሲደወል የሁለት ወር ደመወዛችንን በአንድ ቀን የላክን? በአገራችን በጤና ኬላና በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራና ክኒን በነጻ ነው። ገንዘብ የሚበላው ሲከፋና ወደ ሆስፒታል ሲላክ ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሥራ ሦስት ወረዳዎች ተጀምሮ የሰፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ደብተር ያወጣል፤ ከዚያ በመንግሥት ጤና ጣቢያና በሪፈር በሆስፒታል ይታከማል። ከታመሙ በኋላ ሮጦ የሚገባበት አይደለም፤ መመዝገቢያው ወቅት አለው። በሚቀጥለው ስትደውሉ ደብተሩ ታድሷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልታደሰ ከምትልኩት ላይ መጀመሪያ ለእርሱ ይቀነስ።

ራሳችሁም ለዕረፍት ስትወርዱ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ እንግዳ ናት ተብሎ አጎበር የሌለበት መደብ ሲሰጣችሁ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ከመመለሳችሁ በፊት በነበሩት ቀናት ትኩሳት ከነበራችሁ ጤና ኬላ ተመርምራችሁ ውጤቱን በወረቀት ይዛችሁ ኑ። ሪያድ ስትደርሱም በስልካችሁ ወይም በትንሽ ወረቀት ላይ የተመለሳችሁበትን ቀን፣ የነበራችሁበትን ወረዳና «መላርያ» የሚለውን ቃል በዓረብኛ ጽፋችሁ ከኢቃማችሁ ጋር አኑሩት። ያቺ የከሚሴዋ እኅታችን አሁን እንዲህ ያለ ወረቀት አላት፤ የጻፈችላትም ማዳሟ ናት።